«ልጨርስ?» የሚባልበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ በአንድ ክፍል ሁለት ሥራ ትሠራለች። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ አለ፤ በወዲያኛው በኩል ሁለት ቴሌቪዥንና አራት ጆይስቲክ፣ ባሏ ትቶላት የሄደው ጌም ቤት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ተራው እስኪደርስ በስክሪኑ ላይ ሲደባደብ ይቆያል፤ ሊደባደብ የመጣም ቁልፉ ከወለቀ እግረ መንገዱን ያስተክላል።

ባሏ በሕይወት ሳለ ለቤቱ ያወጣው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። በድብድብ ጨዋታ የተሸነፈው ተፋላሚ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሲቆም፣ አሸናፊው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የጆይስቲኩን ቁልፎች በቅደም ተከተል ከነካ የማሳረጊያ ምቱ ይወጣለታል፤ ተሸናፊውን አንጠልጥሎ፣ አሽከርክሮ፣ እንደ ባዶ ጆንያ ያራግፈዋል። ሌላ ቤት ዝም ብሎ ይጨረሳል። እዚህ ግን አሸናፊው አስቀድሞ «ልጨርስ?» ማለት አለበት። «ጨርስ» ከተባለ ይጨርሳል፤ «ተው» ከተባለ በአንዲት ቀላል ቡጢ ያስተኛዋል።

«መሸነፍ የጨዋታው ነው፤ መዋረድ ግን ፈቃድ ይጠይቃል» ይል ነበር ባሏ።

አዲስ መጤ ሁሉ መጀመሪያ በሕጉ ይስቃል፤ ሳምንት ሳይሞላው «ጨርስ!» ባይ ይሆናል። ፈቃዱን ራሱ የሰጠ ሰው በገዛ ውድቀቱ ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ ነው የሚስቀው። በሌላው ቤት ጆይስቲክ እየተወረወረ ይሰበር ነበር፤ እዚህ በማርጀት ካልሆነ በቀር የተሰበረ የለም።

ባሏን «ግድግዳ» ይሉት ነበር፤ መከላከል እንጂ መማታት አይወድም። ባለጋራውም ባልንጀራውም አንድ የታክሲ ሹፌር ነበር፣ «ፍሬን የለሽ» የሚባል። እሱ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆም አያውቅም። አንዱ ባይመታ ሌላው ባይከላከል ጨዋታው አያምርም ነበርና፣ አምስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተጋጠሙ።

አንድ እሁድ ግን ፍሬን የለሽን ደስታ ቀደመውና ሳይጠይቅ ጨረሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። ግድግዳ አንዴ አየውና ጆይስቲኩን አስቀመጠ። በማግስቱ ሳይነጋ ልቡ ቀጥ አለች።

ፍሬን የለሽ ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ታየ። ከዚያ ወዲያ ጠፋ። ስልክ አያነሳም፤ ታክሲውንም በዚህ መንገድ መንዳት ትቶ በአደባባዩ መዞር ጀመረ። «የመጨረሻ ያደረግኩለት ነገር ያ ሆነ። በምን ዓይኔ ነው የማያት?» ማለቱን ከደንበኛ ሰማች።

እሷ ግን እሱ የማያውቀውን ታውቃለች፤ የዚያን ዕለት እራት ላይ የሆነውን። በሰው አፍ የሚላክ ነገር አልነበረም። ደግሞም ግድግዳን እንደ እሷ የሚያውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ ስለ ባሏ ከማን ጋር ታወራለች?

አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት፣ ጨዋታውን ተማረች። ብዙም አልከበዳት። መርፌ ጨርቅ ውስጥ እያለ የሚጎትት መርፌ ይሰብራል፤ መርፌው ሲነሳ ግን ጨርቁ በራሱ ይሄዳል። ድብድቡም እንደዚያው ነው፤ ትልቅ ምት የሰነዘረ ሰው ከሳተ ለዓይን ቅጽበት ጎኑ ባዶ ይቀራል። የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው አለች በልቧ። ማሳረጊያው ክር መቁረጥ ነው፤ ክር በመቁረጥ ደግሞ ልብስ አይሰፋም።

ከዚያ በኋላ መልእክት ላከችበት። «ዚፕ ለማስቀየር የተውከውን ጃኬት ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«እንዴት ነሽ እህት ዓለም? ጃኬቱን...»

«ዚፑ ገብቷል። እንዲሁ ግን አልሰጥህም። አንድ ግጥሚያ።»

«ታክሲው መንገድ ላይ ነው የቆመው።»

«ይቁም። ፍሬን ከሌለው ነው እንጂ የት ይሄዳል?»

ቀሚሷን የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ሳቀች። እሱ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ የባሏን ጆይስቲክ አነሳች፤ እጀታው በጂንስ ቁራጭ የተጠቀለለውን። ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

የመጀመሪያውን ዙር ሆን ብሎ ተሸነፈ። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ለልቅሶ አልጠራሁህም። እሱን እንዲህ ታባብለው ነበር?»

«እሱንማ...»

«እንግዲያው ምታ!»

መታ። በሁለተኛው ዙር ገና ሳትዘጋጅ አለቀላት። «ወይ ጉድ፣ ሴትዮዋን ፈጃት!» አለች ቀሚስ ጠባቂዋ። ልብስ ሰፊዋ ግን ደስ አላት፤ ሰውየው ተመልሷል።

በሦስተኛው ዙር ጥግ አስገብቶ ቡጢ ያዘንብባት ጀመር። እሷ ተከላከለች። ጉልበቷ በጠብታ በጠብታ እያለቀ ጠበቀች። መታገስ አይችልምና ያቺን የሚመካባትን የበራሪ እግር ምት ለቀቃት። ሳተ። አራት ጊዜ አከታትላ አገባችለት።

«ይሄ አጨዋወት የሱ ነው! የግድግዳ ነው!» አለ።

«የማን መስሎህ ነበር?»

የፍሬን የለሽ ተፋላሚ ስክሪኑ ላይ ይንገዳገዳል።

«ልጨርስ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ ጂንስ ቁራጩ መለሰ።

«ቶሎ በል፣ ጊዜው ያልፋል!»

«እኔ እኮ... እሱን አልጠየቅኩትም።»

«አውቃለሁ። ልጨርስ?»

«ጨርሺ!» አለ።

ያንኑ ማሳረጊያ አወጣችለት፤ አንጠልጥላ፣ አሽከርክራ፣ አራገፈችው። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«የዚያን ዕለት እራት ላይ ማንኪያውን እንደያዘ ተነስቶ እንዴት እንዳሽከረከርከው እየዞረ አሳየኝ። ወጥ በወጥ ነው ያደረገኝ። ‹አምስት ዓመት ሲጠይቀኝ ኖሮ ዛሬ ገና ደስ ብሎት ረሳው። የሳምንት ሰው ይበለኝ፣ እኔም ሳልጠይቅ ነው የምጨርሰው› አለ። እየሳቀ ተኛ።»

ፍሬን የለሽ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ እሱም የሚያውቅ አልመሰለም።

«ታዲያ አንቺ ለምን ጠየቅሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ቢቀብጥ ቤቱ ሕግ የለውም እንዴ?»

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ታክሲው መንገድ ዘግቶ ነበር። ፍሬን የለሽ ዓይኑን ጠርጎ ብድግ አለና በሩ ጋ ደረሰ።

«ጃኬትህስ?»

«እዚያው ይሰቀል» አለ። «እሁድ እወስደዋለሁ። ከቻልሽ ተጋጥመሽ አስጥይኝ።»