ዴሪክ ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ

ሮላንድ በዘጠናዎቹ በአሜሪካዋ የኒዋርክ ከተማ ስም በነበረው የራፕ ቡድን ውስጥ ሥራው አንድ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ዴሪክ ግጥሙን ሲያወርድ ጎኑ ቆሞ የየስንኙን የመጨረሻ ቃል አብሮት መጮኽ። ሙሉውን ግጥም ይዞት አያውቅም፤ ዴሪክ እያለ ምን ያደርግለታል?

ዴሪክ በየካቲት ሞተ። በሐምሌ የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ መናፈሻው ውስጥ ተሰብስቦ የጎድን አጥንት ሲጠብስ፣ ዲጄው ዴሪክ የተቀናቃኙን ቡድን መሪ ቴረንስን መሳቂያ ያደረገበትን የዘለፋ ዘፈን ምት ለቀቀና ማይኩን ለሮላንድ ሰጠው። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። የዴሪክ ዘፈን እሱ እጅ ላይ ሊሞት ነው ብሎ ሮላንድ ፈራ።

«አንተ ዛሬም ጭራ ብቻ ነህ?» አለ ቴረንስ፣ ሳህኑን አስቀምጦ እየመጣ። ሌላ ማይክ አነሳና ራሱ የተሰደበበትን ግጥም ስለ ውሸት ወርቅ ሰንሰለቱና እየተገፋ ስለሚነሳው መኪናው የተባለውን ሳይቀር ያወርደው ጀመር።

«ከየት አወቅኸው?»

«ሠላሳ ዓመት ሲያቃጥለኝ ኖሮ እንዴት አላውቀው? በል ተከተለኝ፣ ሽማግሌው!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የሁለቱን ስንኞች የመጨረሻ ቃል ሮላንድ አብሮት ጮኸ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ዘገየ። ዴሪክ እዚያ ጋ ከመጨረሻው ቃል በፊት ትንፋሽ ይስብ ነበር፤ ዘፈኑ የተቀዳበት ካሴት ላይ አይሰማም፣ የሚያውቀው ጎኑ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

«ድገመው» አለ ሮላንድ፤ «ከመጨረሻው ቃል በፊት ግን አየር ሳብ።»

ቴረንስ ደገመው፤ እዚያ ሲደርስም አየር ሳበ። ሮላንድ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። ቃሉን ሕዝቡ ጮኸለት።