ኡላሚላ ያዛወረችው የባሕር አበባ

ኡላሚላ የአክስቴ ልጅ ናት። በእኛ መንደር የአክስትና የአጎት ልጆች ካልተሰዳደቡ ተኳርፈዋል ይባላል፤ እኔና እሷ በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተኳርፈን አናውቅም። እልኸኛ ናት። ባሏ ቬሬኒኪ እየጠለቀ ዓሣ በጦር ይወጋ ነበር፤ እሷ ውሃው ሲሸሽ በእግሯ ወጥታ ኦክቶፐስ ትይዛለች።

ባልና ሚስቱ የማያስነኩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ዐለት ላይ የተጣበቀ፣ ትሪ የሚያህል የባሕር አበባ። አበባ እንበለው እንጂ እንስሳ ነው፤ ጣቶቹ ይናደፋሉ። በጣቶቹ መሃል የሚኖሩትን አምስት ብርቱካንማ ዓሦችና ብርጭቆ የመሰለች ሽሪምፕ ግን አይነካም። ቬሬኒኪ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያኖሩት ዓሣ ሊገዙ ከዋናው ከተማ ከሱቫ የመጡ ሰዎችን ሁለት ጊዜ በመቅዘፊያ አባሯል። ሊሞት ሲል አደራ ያላትም ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለዚያ አበባ ነበር።

ሲሞት እንደ ወጉ ባሕሩ መቶ ቀን ተዘጋለት። የመዘጋቱ ምልክት የሆነው እንጨት ዳር ላይ ከተተከለ ከውሃው ምንም አይነሣም። ባሕር ሲያርፍ ይድናል ተብለን ነው ያደግነው። በዚያ ዓመት ግን ውሃው ሞቀ፣ አልበርድም አለ፤ በስልሳኛው ቀን አበባው ወረቀት መስሎ ነጣ። ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ላዛውረው ብላ የባሏን ታላቅ ወንድም ብትለምነው፣ ተዪው፣ ባሕሩ ዕረፍት ላይ ነው አላት።

እኔ ዘንድ መጣች።

«ታንኳህን አምጣ። ወደ ጥልቁ፣ ወደ ቀዝቃዛው እንወስደዋለን።»

«ወንድምየው ቢሰማስ?»

«አንተ ሸርጣን፣ በጎን በጎን አትሂድብኝ። አምጣ ብያለሁ።»

አበባው ዐለቱን አልለቅም አለ። በጥፍሯ ስትፈለቅቀው ሥሩ ተቀደደ፤ እያየሁ ገበቴ አቀረብኩላት። በታንኳዬ ወስደን ጥልቁ ውስጥ ዐለት ሥር አኖርነው። ዓሦቹ ይከተሉታል ብላ ነበር፤ አልተከተሉም። ስንመለስ ባዶው ዐለት ላይ ይዞራሉ። በመረብ ልትይዛቸው ስትሞክር ስንጥቅ ውስጥ ገቡባት። መሸሸጊያ ስላጡ አዳኝ ዓሦች ይበሏቸው ጀመር፤ በማግስቱ ሦስት ቀርተው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ትልቋ ብቻ። ኡላሚላ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አዳኝ ዓሦችን በእጇ ስታባርር ዋለች። ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ባሕር ውስጥ አያድር። ጠዋት ትልቋም የለችም። አበባው በሳምንቱ በሰበሰ።

ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ውሃው በረደ። ከባሕሩ ዐለት ጠርዝ ወዲያ ነጥተው የነበሩ ሌሎች የባሕር አበቦች መልካቸው ሲመለስ ብቻዬን አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

መቶው ቀን ሞልቶ ባሕሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ መረቡን ይዞ ወረደ። እሷ ዳር ተቀምጣ ነበር።

«ብተወው ኖሮስ?» አለችኝ።

«ይሞት ነበር።»

«አትዋሸኝ። ሌሎቹ ድነዋል፤ ዋኝቼ አይቻለሁ። እኔው ነኝ የገደልኩት።»

ይህን እያለችኝ የባሏ ወንድም የመጀመሪያውን ዓሣ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረ። ባሕሩ ስላረፈ እንዴት እንደወፈረ እዪልኝ አላት።