አራት ጣት በአንድ ቤት

ከባሕር ዳር የወጣሁት ሰዓት እላፊው አብቅቶ፣ ገና ሳይነጋጋ ነው። እናቴ እስከ መኪናው አልሸኘችኝም። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ቆመች፤ ሁለት እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረገቻቸውና "በል ሂድ። እጅህን ጠብቅ፤ እንጀራህ እሱ ነው" አለችኝ። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፎቶ አንሺ ነበርሁ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሠርግ አነሳለሁ፣ በአብዮት በዓል ደግሞ ካድሬዎቹን ከነጡጫቸው አነሳለሁ። አንድ ቀን ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡና በፎቶ ቤቱ ያለውን የጉርድ ፎቶ ኔጋቲቭ በሙሉ እንዳስረክብ አዘዙኝ። የፈለጉት የወጣቶቹን መልክ ነው፤ ተፈላጊውን ሊለቅሙበት። "ነገ ውሰዱ" ብዬ ሸኘኋቸውና ሁሉንም አቃጠልሁት። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ለእኔ አልቆላታል። እህል በጫነ መኪና ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞርን፤ ማክሰኝት ላይ ሾፌሩ ቁርሱን ሲበላ እኔ በጆንያ መሀል ተጋድሜ ትንፋሼን እቆጥር ነበር። ከዚያ መተማ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ሁለት ዓመት ሙቀትና ወረፋ፣ ከዚያ ስዊድን።

ስለ ሱዳን ሌሎች ይጽፋሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ጓንት ነው። አትሳቁ፤ እኔም ስደርስ ጊዜ ስቄ ነበር።

የጣሉኝ ከስዊድንም በሰሜኑ ጫፍ፣ በክረምት ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ፈርታ ብቅ ብላ በምትጠፋበት ከተማ ነው። የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ያለችው ሴትዮ ዶሴዬን ገለጠችና ጠየቀችኝ።

"ውጭ ቆመህ ፎቶ ማንሳት ትችላለህ? ብርድ አለ።"

"ብርድ አውቃለሁ። ጮቄ ተራራ ላይ አድሬአለሁ።"

"እዚያ ከዜሮ በታች ስንት ይደርሳል?"

"ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጥላል።"

ሴትዮዋ አንዲት ነገር ጻፈች። አንገቴን አዙሬ ባነበው "ልምድ፦ የለውም" ይላል። ስለ ፎቶው ይሁን ስለ ብርዱ አልጠየቅኋትም።

የቀጠረኝ ኒልስ የሚባል ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነው። ጉልበቱ ስለከዳው ውጭ ቆሞ የሚያነሳለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ የበረዶ መንሸራተት ውድድር፣ የአጋዘን ገበያ፣ በረዶ ላይ መጋባት የሚያምራቸው ሙሽሮች። እኔም ከመጀመሪያ ደሞዜ ከከተማው ሱቅ ወፍራሙን የቆዳ ጓንት ገዛሁ። ውስጡ የበግ ጠጉር ነው። ሳጠልቀው የእናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ። በውድድሩ ቀን ግን አሸናፊው ልጅ ሲደርስ የካሜራውን ቁልፍ ጣቴ ፈልጎ አጣው። የተጫንሁ መስሎኝ ነበር፤ የተጫንሁት ግን ልጁ ካለፈ በኋላ ነው። የልጁ እናት ፎቶውን ልትገዛ ስትመጣ ኒልስ ባዶ ሰማይ አሳያት።

ሁለተኛው ጊዜ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ የጓንቱን ጫፍ በምላጭ ቆረጥሁት። ጣቶቼ ወጡ፣ ቁልፉን አገኙት፤ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ግን የማን ጣቶች እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ ደሙ ሲመለስባቸው እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ያከራየችኝ አሮጊት፣ ፍሩ ግሬታ፣ ለቅሶዬን ሰምታ መጣች። ፍሩ ማለት በእነሱ ወይዘሮ ነው። እኔና እሷ እስከዚያ ቀን በሽሮ ነበር የምንጣላው። ባበሰልሁ ቁጥር በሬን ታንኳኳለች።

"የሚቃጠል ነገር አለ?"

"የለም፣ እራቴ ነው።"

"ታዲያ ለምን አታጠፋውም?"

ያን ዕለት ግን ሽሮውን ረስታ እጆቼን በብብቷ ይዛ አሞቀቻቸው። ከዚያ ከሣጥኗ ራሷ የሠራችውን የሱፍ ቫንታር አወጣች። ቫንታር ማለት አውራ ጣት ብቻውን፣ ሌሎቹ አራቱ ግን በአንድ ከረጢት የሚገቡበት ጓንት ነው። "ጣት ብቻውን ሲኖር ይበርደዋል" አለችኝ፤ "አራቱን በአንድ ቤት አኑራቸው፤ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።" እሷ የተናገረችው ስለ ሱፍ ነው፤ እኔ ግን ብቻዬን የምበላበትን ገበታ አሰብሁ።

ስለዚህ ወደ ብርድ አገር የምትመጡ፣ በእጃችሁ የምትበሉ ሁሉ ስሙኝ። ከውስጥ ስስ የሱፍ ጓንት፣ ቁልፉ የሚሰማችሁ ዓይነት፤ ከላይ ሰፋ ያለ ቫንታር። ስትገዙ እጃችሁን ጨብጡ፣ ዘርጉ፤ ካጠበቀ ደም ይከለክላልና ተዉት። ቫንታሩን በክር አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። የምታነሱት ነገር ሲመጣ እጃችሁን ሳብ፣ ጠቅ፣ መልሳችሁ ጎሬው ውስጥ። በረዶ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ የረጠበ ጓንት ከባዶ እጅ ይከፋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ ሥራዬን በሰላም ሠራሁ።

ጥፋቴ የመጣው ከደስታዬ ነው። እናቴ ብርዱን ፈርታ እንቅልፍ አጥታለች ብለው ከአገር ቤት ሲጽፉልኝ፣ ኒልስን ለምኜ ቫንታሬን አድርጌ፣ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ሳቅ ብዬ ተነሳሁና ላክሁላት። "ይኸው፣ ሞቆኛል" ብዬ ከጀርባው ጻፍሁበት።

መልሱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደረሰኝ። የጻፈችው ታናሽ እህቴ ናት። ደብዳቤዋን ሳነብ እጄ ላይ የያዝሁት ዳቦ እዚያው ደረቀ።

"ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትህ? እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከአንበሳሜ መጥተው ነበር። የሚያገባኝ ልጅ አባት፣ አለቃ፣ ፎቶህን ግድግዳ ላይ አይተው 'ምነው፣ የልጁ ጣቶች የት ሄዱ?' አሉ። እማዬ 'ብርድ ነው፣ ጓንት አድርጎ ነው' አለቻቸው። እሳቸውም 'ጓንትማ እኔም አውቃለሁ፤ ጓንት ጣት አለው' ብለው ተነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። አሁን አገሩ ሁሉ 'ያ ክፉ በሽታ ይዞታል፣ እጁን የጠቀለለው ቁስሉን ሊሸፍን ነው' ይላል። እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች። ለሠርጉ እንዳይመስልህ፤ እውነት መስሏት ነው።"

የአገሬ ሰው ይህ አይገርመውም። ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ድህነት ይታለፋል፣ ጠብ ይታረቃል፤ በዘሩ የሥጋ ደዌ አለበት የተባለ ቤት ግን ሴት ልጁን የሚወስድለት የለም። በሽታው መድኃኒት እንዳለው፣ በዘርም እንደማይወረስ እዚህ ሐኪሞች ነግረውኛል። አንበሳሜ ግን ማን ሄዶ ይንገር? ከደብዳቤው ግርጌ የእናቴ ቃል ነበረበት።

"እማዬ እንዲህ በይው ትላለች፤ ልጄ፣ ሆዴ፣ እጅህን ገልጠህ አሳየኝ። ዐሥሩንም። ውጭ ቆመህ፣ በረዶው ከኋላህ እየታየ ተነሳ፤ ቤት ውስጥ ከሆነ የድሮ ፎቶ ነው ይሉናል። ጾሙ ሳይገባ ይድረስልኝ።"

ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ የለም፤ ሽማግሌዎቹም እስከ ፋሲካ የሚጠብቁ አይደሉም። የፖስታውን መንገድ ሳሰላ የቀረኝ ጊዜ የማግሥቱ ቀን ብቻ ነበር። ኒልስ ልጁን ሊጠይቅ ሄዷል። ፍሩ ግሬታ ካሜራ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ ያቺ ጥቂት ብርሃን ሳታመልጠኝ፣ ካሜራውን ከቤቱ ጀርባ በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆምሁት፤ ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አዘጋጀሁትና ሮጬ ፊቱ ቆምሁ። ባዶ እጆቼን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ቄስ።

መቁጠሪያው በብርዱ ደርቆ መሀል ላይ ቆመ። ተመልሼ ነካካሁት፣ እንደገና ሮጥሁ። ሠራ፤ ግን ፊልሙን ሳጠነጥን ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። በዚያ ብርድ ፊልም እንደ ደረቅ እንጨት ይሰበራል፤ ማወቅ ነበረብኝ። አዲስ ፊልም አጎረስሁ፤ ለዚህ ሥራ ቫንታር አይሆንም፣ ስሱም ጓንት አይሆንም። የቀኝ ጠቋሚ ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፤ ሳስለቅቀው ቆዳው ቀረ። አላመመኝም፤ አለማመሙ ደግሞ ክፉ ምልክት ነው። ፍሩ ግሬታ በመስኮት "ቫንታር! ቫንታር!" እያለች ትጮኻለች። እኔ ደግሞ ፊቴን ላለማጨማደድ ስታገል ነበር፤ እናቴ ያመመኝ እንዳይመስላት። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዲት ደኅና ፎቶ ወጣች።

ቤት ገብቼ ወዲያው አጠብሁት። ዐሥሩም ጣቶች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከኋላቸው ነጭ በነጭ። እጄ እያበጠ መሆኑን እያየሁ ፎቶውን ፖስታ ቤት ካደረስሁ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሄድሁት።

"ጓንት የለህም?" አለኝ ሐኪሙ።

"አለኝ። በጣም ጥሩ ጓንት አለኝ።"

"ታዲያ?"

"እናቴ ጣቶቼን ማየት ፈልጋ ነው።"

አስተርጓሚ ይጠራልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳምንታት ጠብቀው የጠቋሚ ጣቴን ጫፍ ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ቆረጡት። ቁልፉን የምጫንበት ጣት ነበር። አሁን በመሀል ጣቴ እጫናለሁ፤ ኒልስ ልዩነቱ አይታይም ይላል፣ ለእኔ ግን ይታየኛል።

እህቴ በቅበላ ሳምንት ተዳረች። አለቃ ፎቶውን በመነጽር፣ ከዚያ ያለ መነጽር አይተው "ይቅር በሉኝ" አሉ አሉ። ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ገና ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ስንሳለም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ለአንበሳሜ የሚልኩት ፎቶ የላቸውም። እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ ማስረጃ ስልክ፣ እነሱን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ የገፋኋቸው ይመስለኛል።

ስለ ጣቴ ለእናቴ አልነገርኋትም። ይህ ጽሑፍ አገር ቤት ቢገባ፣ ያገኘው ሰው ለእሷ እንዳያነብላት እለምናለሁ። ስማችንን ያልጻፍሁትም ለዚሁ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ አገር ቤት ለመደወል ስልክ አስመዘገብሁ። እናቴ በቴሌ የጥሪ ወረቀት ተልኮላት፣ ነጭ ለብሳ፣ ከጧት ጀምሮ ቴሌ ቢሮ ተቀምጣ ነበር አሉ።

"ልጄ! አለህ?"

"አለሁ እማዬ። እንዴት ነሽ?"

"እግዜር ይመስገን። ጣቶችህስ?"

"ደኅና ናቸው።"

"እስቲ ቁጠርልኝ።"

"እማዬ፣ በስልክ እኮ አይታይም።"

"ልስማው። ቁጠር።"

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ሁለት እጄን ፊቴ ዘረጋሁ። ከቀኙ ጀመርሁ። አንድ፣ አልሁ፣ ለአውራ ጣቴ። ቀጥሎ ያለውን አየሁት። ሁለት አልሁ። ሦስት፣ አራት እያልሁ ዐሥር አደረስሁላት።

"ተመስገን" አለች። "እንግዲያ ሳልሞት ና። እኔው በእጄ ልቁጠራቸው።"

"እሺ እማዬ" አልኋት።