ለየሺ የመረጥሁት ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለልኝ። ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው፤ ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ቤት መከራየቱን፣ ዕቃ የሚጭን መኪና መነጋገሩን ከነገረኝ በኋላ፣ «እማ፣ አንቺ እዚያው ነሽ፤ ለልጆቹ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

«አይቼ እነግርሃለሁ» አልሁት።

በማግሥቱ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ጉሙ ከገደሉ ወደ ከተማው እየወጣ ባሕር ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ይቆርጣቸዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ዘበኛው፣ «ይግቡ እናቴ» አለኝ። አልገባሁም። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መንገዱ አድክሞኝ አልነበረም። ይህንኑ ሥራ አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ድካሙ እስካሁን ከላዬ አልወረደም።

ያኔ የምንኖረው ዳባት ነበር። አባቴ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ክረምት የሊማሊሞን ቁልቁለት ደርምሶ ሲዘጋው አካፋና ዶማ ይዘው ከሚወርዱት አንዱ እሳቸው ናቸው። አለቆቻቸው በአንድ መስከረም ወደ ደባርቅ ካምፕ አዛወሯቸው። እናቴ አራስ ነበረች፤ ሕፃኑ ገና ወሩን አልደፈነም። የካምፑ መኪና መጥቶ ዕቃችንን ጫንን፤ እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ጋቢና ገባች፤ እኛ ልጆቹ ፍራሹ ላይ ወጣን።

ከዳባት ደባርቅ ሩቅ አይደለም። ግን ያኔ ጠጠር መንገድ ነበርና መኪናው እንደ በቅሎ እየረገጠ ነው የሚሄድ። በግራም በቀኝም ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። አንድ መንደር ላይ አባቴ መኪናውን አስቆሙና አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ወደ ላይ አቀበሉን። ዳኛቸው እየፈለፈለ፣ የሺ እየበላች፣ እኔ ድስቱ እንዳይወድቅ በእግሬ ደግፌ ይዤ ደባርቅ ገባን።

ዳኛቸው ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ አራተኛ ክፍልን ጨርሷል። ዝምተኛ ነው። ካርዱ ላይ ቀይ የለበትም፣ ደረጃም የለበትም። የሺ ስምንት ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት ከሁለቱም ጆሮዋ መግል ሲወርድ ከርሞ፣ ሲድን የቀኙ ጨርሶ ደነቆረ፣ ግራው ደግሞ እኩል በእኩል ቀረ። ሁለተኛ ክፍልን አልፋለች የሚል ካርድ ነበራት።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ለሁለት ሳምንት ወደ ቁልቁለቱ ሊወርዱ ቦት ጫማቸውን እያሰሩ ጠሩኝ።

«ለተዛዋሪ ልጆች ምዝገባው ዓርብ ያበቃል አሉኝ። ቅርብ ያለው አስገቢያቸው፣ ሁለቱንም። አንቺም ተመዝገቢ።»

«እሺ አባባ።»

እኔ ወደ አሥረኛ ክፍል አልፌ ነበር። እንዲያውም ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ ነበር፤ ግን ይህን ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁት።

ቅርብ ያለው፣ ከቤታችን በላይ ያለው ትምህርት ቤት ነበር። አዲስ ቆርቆሮ፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ በቀጥታ የተተከለ አጥር። ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዤ ገባሁ። የሚመዘግበው አስተማሪ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። የዳኛቸውን ካርድ ሳያገላብጥ ተቀብሎ ጻፈው፤ ጠዋት ፈረቃ፣ አምስተኛ ክፍል። የየሺን ሳቀብለው፣ «ጆሮዋን ያማታል፤ ፊት ወንበር ብታስቀምጧት» አልሁት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ልጅ ነው ያለኝ። ፊት ወንበር የሚገባው ብዙ ነው። ስሟን እጽፍልሻለሁ፤ ሌላውን ግን አልዋሽሽም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ስላልዋሸኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

«እስኪ ነገ ልመለስ» ብዬ ወጣሁ። በግቢው ስናልፍ አንድ ክፍል ፊደል በዜማ ያስቆጥራል። የሺ መስኮቱ ሥር ቆመችና አብራ ትል ጀመር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ልብ ብዬ ሳያት፣ የምታየው ሰሌዳውን አልነበረም፤ የልጆቹን ከንፈር ነው። እነሱ ሲሉ ቆይታ ትከተላለች፤ እነሱ ሲያቆሙ እሷ አንድ ፊደል ትጨምራለች።

ማታ ከምድጃው ከሰል አንሥቼ ወለሉ ላይ «ለ» ጻፍሁና፣ «ይህ ማን ነው?» አልኋት። ፊቴን አየች። «ሰ» ጻፍሁ። አሁንም ፊቴን አየች፤ አፌ እንዲነግራት ትጠብቃለች። አንዲት ፊደል አታውቅም። የዳባቷ አስተማሪዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ በደግነታቸው ሁለት ዓመት አሳልፈዋታል።

ያከራዩን አሮጊት እማማ ዝማም ይባላሉ። በማግሥቱ ነገሩን ሳጫውታቸው ወፍጮ የሚሄድ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ከወንዙ ማዶ፣ ታችኛው ዘንድ አንዲት አስተማሪ አለች፤ ብርነሽ ይሏታል። ቁጡ ናት። ልጅ ግን አትጥልም» አሉኝ።

ረቡዕ የሺን ይዤ ወረድሁ። ገበያ ቀን ነበር፤ በድንችና በነጭ ሽንኩርት መደብ መኻል፣ በአህያና በጭቃ መኻል ተሽሎክልከን ወንዙ ዳር ደረስን። ወንዙ ስም እንኳ ያለው አይመስለኝም፤ በበጋ ጉንዳን ይሻገረዋል። በዚያ ሳምንት ግን ላይ ዘንቦ ደፍርሶ ነበር። አዝያት በድንጋዩ ላይ ተሻገርሁ።

ታችኛው ትምህርት ቤት የጭቃ ቤት ነው። ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ግንድ። መምህርት ብርነሽ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ያስላሉ። የሺን ፀሐዩ ላይ አቆሟትና ከኋላዋ ዞረው ስሟን ጠሩ። አልዞረችም። በቀኝ ጠሩ፤ በግራ ጠሩ፤ በግራ ቀረብ ብለው ሲጠሩ ዞረች። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊት ለፊቷ በጠመኔ ፊደል ጽፈው ጠየቋት፤ አፋቸውን አየች።

«አንደኛ ክፍል ትገባለች» አሉኝ።

«ሁለተኛን እኮ አልፋለች፤ ካርዷ ይኸው።»

«አየሁት። ካርዱ አልፏል፤ እሷ አላለፈችም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በግራ ጆሮዋ በኩል ፊት አስቀምጣታለሁ። እያየችኝ ነው የምናገረው። ግን እኔ የማስተምር ከሰዓት ፈረቃ ነው። ወንዙን ብቻዋን አትሻገርም። የሚያመጣት፣ የሚመልሳት ሰው አላት?»

«አላት» አልሁ። ማን እንደሆነ ሳላስብ ነው ያልሁት።

ሐሙስ ለራሴ ልመዘገብ ሁለተኛ ደረጃ ሄድሁ። ከሌላ ከተማ የመጣ ተማሪ ሁሉ ከሰዓት ነው አሉኝ። «ጠዋት ብታደርጉልኝ» ብዬ ለመንሁ። ሬጅስትራሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በትዕግሥት ሰሙኝ። «የጠዋቱ ሞልቷል ልጄ። ለአንቺ ከከፈትሁ ለሁሉም ልከፍት ነው።» ወረቀቴን እንደያዝሁ ወጣሁ።

እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ሁሉንም ነገርኋት።

«አባትሽ ምን ይላሉ?» አለች።

«እንጃ።»

«የአንቺስ ትምህርት?»

«ለአንድ ዓመት ነው እማዬ።»

ያመነችኝ አይመስለኝም። ግን ከአልጋ መውረድ የማትችል ሴት ምን ልትል ትችላለች? ፊቷን ወደ ሕፃኑ መለሰች። ዓርብ የሺን ታችኛው አስመዘገብሁ፤ ዳኛቸው ላይኛው እንደተጻፈ ቀረ። የእኔ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ቀረ።

አባቴ ሲመለሱ ጢማቸው አድጎ፣ መዳፋቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። እግራቸውን በሞቀ ውኃ እያጠብሁ ነገርኋቸው።

«አንደኛ ክፍል?»

«አዎ አባባ።»

«ሦስተኛ የምትገባውን ልጅ?»

«አታነብም አባባ።»

እግራቸውን ከውኃው አላወጡም። የሺን ጠሩና ከኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው፣ «እስኪ ይህን አንብቢልኝ» አሏት። የሺ ወረቀቱን ሳይሆን አፋቸውን አየች። መልሰው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ይሁን» አሉ። ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «አንቺስ?» «ለሚቀጥለው ዓመት» አልኋቸው። «ለሚቀጥለው ዓመት» ብለው ደገሙትና ወጡ። የተቆጡ ሳይሆን ጉልበት ያለቀባቸው ሰው ነበሩ። እኔም ገና በአሥራ ሰባት ዓመቴ ያንን ድካም ለየሁት።

ዓመቱን ሙሉ ያንን ወንዝ ተመላለስሁበት። የሺን ካስገባሁ በኋላ ቤት ደርሶ መመለስ ስለማይመች ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ምስር እለቅማለሁ፣ ጥጥ እፈትላለሁ። በኅዳር ነፋሱ ከስሜን ተራራ እየወረደ ጆሮ ይቆርጣል፤ በየካቲት አቧራው ዓይን ያጠፋል። ከውስጥ የመምህርት ብርነሽ ሳልና ቁጣ ይሰማኛል። ወደ ማዶ ቀና ስል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተር ይዘው በቡድን በቡድን ሲያልፉ አያለሁ። ከነሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳንጋጠም አንገቴን እደፋ ነበር።

ፋሲካ አልፎ አንድ ቀን ስንመለስ የሺ ወፍጮ ቤቱ ጋ እጄን ለቃ ቆመች። በሩ ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አለ። ጣቷን ቀስራ፣ «ዱ፣ ቄ፣ ት» አለች። ቀጠለች፤ «አ፣ ለ።» አፌን አላየችም። እኔ ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አልሁ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ደከመኝ» አልኋት። እውነቴን ነበር።

መምህርት ብርነሽ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አልለቀቋትም። ዛሬ የሺ ጎንደር መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ጆሮዋ ላይ መስሚያ አላት፤ የሐኪም ጽሕፈት ከእሷ የተሻለ የሚያነብ የለም ይላሉ። የእኔ አንድ ዓመት ሦስት ሆነ። በማታ ትምህርት፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር፣ ጨረስሁ፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ እዚያው አረጀሁ። አላማርርም። ሰው ስለዚያ መስከረም ሲጠይቀኝም ለየሺ የመረጥሁላትን ትምህርት ቤት እነግራለሁ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ለጥምቀት ሁላችንም እኔ ቤት ተሰብስበን ምሳ እንበላ ነበር። የሺ ለልጆቹ የወንዙን ነገር ስታወራ፣ እንዴት እንዳዘልኋት፣ እንዴት ግድግዳ ሥር እንደጠበቅኋት፣ ዳኛቸው ይሰማል። ዳኛቸው ሾፌር ነው፤ ከደባርቅ ዓዲ አርቃይ ሰው ያመላልሳል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥሎ ወጥቷል። ላይኛው ትምህርት ቤት ጠዋት ገብቶ ቀትር ይወጣ ነበር፤ ከሰዓት እናቴ ከሕፃኑ ጋር፣ አባቴ ከመንገዱ ጋር፣ እኔ ከየሺ ጋር ስንሆን፣ እሱ መናኸሪያ ይውል ጀመር። ተከትሎ ያየው ሰው አልነበረም። መናኸሪያው አስቀረው።

የሺ ስትጨርስ፣ «እኔ እኮ ከሰዓት ነፃ ነበርሁ» አለ። ቁጣ የለበትም። «ወንዙንም ካንቺ በላይ አውቀው ነበር፤ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምዋኘው። እኔ አደርሳት ነበር።»

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለና ወደ እንጀራው ጎንበስ አለ። ከዚያ ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ጀመረ።

እሱ ያለው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ወንዙ ሁለቱንም ሊወስዳቸው ይችል ነበር። ወይም ደግሞ እኔ አሥረኛ ክፍል እገባ ነበር፤ እሱም በየቀኑ የሚጠብቀው ሰው፣ ከመናኸሪያ የሚያስቀረው ሥራ ይኖረው ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ከተማውን ስዞር ከመዝጋቢው፣ ከአሮጊቷ፣ ከአስተማሪዋ፣ ከሬጅስትራሩ ጋር ተነጋግሬአለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውን ልጅ ግን አንዲት ቃል አልጠየቅሁትም። የሚያሳስብ ነገር ስላልነበረበት።

ከአጥሩ ሥር ተነሥቼ ቤቴ ገባሁና ለልጄ ደወልሁለት።

«እ፣ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

ክፍሎቹን ገብቼ እንዳላየሁ ነገርሁት። እሱም የሚያሳስበው ትንሹ መሆኑን፣ ገና ሰው እንደማይለምድ፣ መልካም አስተማሪ ካላገኘ እንደሚከብደው በዝርዝር አወራኝ። ሰማሁት። ሁሉም እውነት ነው።

«ትልቋስ?» አልሁት።

«እሷ ጎበዝ ናት እማ፤ የትም ብትገባ አታስቸግርም።»

«እስኪ ስልኩን ስጣት።»

ስልኩን ስትቀበል ይሰማኛል። «አያቴ፣ እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ። የደባርቅን ትምህርት ቤቶች ልናይ ነው፤ ስትመጡ አንቺም አብረሽኝ ትዞሪያለሽ። ለመሆኑ አንቺ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ትፈልጊያለሽ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ግን ትንፋሿ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ጠይቋት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ገባኝ። የምትለውን እስክታገኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ጠበቅኋት።