አሚን የሌለው ሪፖርት

ሐይቁ ዳር ተቀምጬ መረብ ስጠግን በየማለዳው ትመጣለች። ማን እንደሆነች አላውቅም። የቢሮ ሰው መሆኗን የጠረጠርኩት ከብብቷ ከማይለየው ክላሰርና በዚህ ሁሉ ጭቃ መሀል ከሚያብረቀርቀው ጫማዋ ነው። ከተደፉት ጀልባዎች ፊት ትቆምና ሻርፗን አስተካክላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

«የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች!» ትላቸዋለች።

ሪፖርቷ ጦርነቱ ቀበሌዋን ምን እንዳደረጋት ነው፤ የፈረሰው ጤና ኬላ፣ የተነዱት ከብቶች፣ የተቃጠለው እህል። መጀመሪያ ሰሞን ድምጿ ከከንፈሯ አያልፍም ነበር። አሁን እኔም ጋ ይደርሳል፤ እጇንም እንደ ሠለጠነ ተናጋሪ ታንቀሳቅሳለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ ትሰናከላለች። «ሕይወታቸው ያለፈ፣ አሥራ አንድ» ስትል እጆቿ ሳታስበው ለዱዓ ይዘረጋሉ። ደንግጣ ትሰበስባቸዋለች።

«ሪፖርት አቅርቢ ነው የተባልሽው፣ ዱዓ አድርጊ አልተባልሽም» ትላለች ለራሷ፣ በተቆጣ አለቃ ድምፅ። ቀጥላም በራሷ ድምፅ፣ «ያ ረቢ፣ ሰኞ ደሴ ስብሰባው ላይ እንዲህ ብሆን ጉዴ ነው።»

ዛሬም አሥራ አንድ አለች፤ እጆቿም ተዘረጉ። ዛሬ ግን አልሰበሰበቻቸውም። እኛ አገር እጅ ለዱዓ ተዘርግቶ አሚን የሚል አይጠፋም። ጀልባዎቹ ምን ይበሉ?

መረቡን አስቀምጬ «አሚን» አልኩ።

ዞራ አላየችኝም።

«አሥራ አንደኛው ባሌ ነው» አለችና ክላሰሯን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰች። «የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች!»