ማማውና መስቀሉ ሲገጥሙ

በደቡብ ሕንድ ያለችውን የማናልኩዲ መንደር የመብራት ማማ እንግሊዞች ሲያሠሩት ድንጋዩን ከመርከብ ወደ ዳርቻ ያመላለሱት የዓሣ አጥማጁ የሳቫሪሙቱ አያትና መሰሎቻቸው ነበሩ። መጀመሪያ በኮኮናት ዘይት፣ ኋላ በላምባ፣ ከዚያም በኤሌክትሪክ በራ። ወደቡ ላይ አዲስ ማማ ሲቆም የአሮጌው መብራት ጠፋ፤ መንግሥትም ረሳው። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ምን ሲደረግ! እነሱ ማማውን የሚፈልጉት በጠራራ ፀሐይ ነው። ታንኳ ላይ ሆነህ ማማው ከቤተ ክርስቲያኑ መስቀል ጋር ሲገጥምልህ አንዱን መስመር ያዝክ ማለት ነው። ሌላ ጥንድ ምልክት ደግሞ በጎን በኩል አለ። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከውሃው ሥር፣ ዓሣ የሚሰፍርበት አለት ይገኛል። ይህን ምልክት አባት ለልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ብቻ ነው፤ ሚስት እንኳ አትሰማውም።

ሳቫሪሙቱ ከአባቱ የወረሰው አንድ አለት ነበረው። ወንድ ልጅ አልወለደም፤ ሴቶች ልጆቹን ያሳደገውም የዳረውም በዚያ አለት ነው። ሰው ሲቀርብ ታንኳውን አዙሮ ሌላ ቦታ የሚያጠምድ ያስመስል ነበር፤ በዚህ ተንኮል የሚስተካከለው አልነበረም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙን ካስፓርን ከአለቱ አጠገብ ሲቀዝፍ አየውና ገበያ መሃል «ሌባ!» አለው። ካስፓር መልስ አልሰጠም። ሚስትም አላገባ፤ በሰው ጀልባ እየተቀጠረ አረጀ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየጸለዩ አንዱ በዚህ በር፣ ሌላው በዚያ በር ይወጣሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኸው ነው።

ዘንድሮ ባሕሩ የማማውን መሠረት ስለበላው ከዝናቡ በፊት እንዲፈርስ ተወሰነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሳቫሪሙቱ የሰማው ከሰው ሁሉ ኋላ ነው። በማግስቱ ታንኳውን ይዞ ባሕር ወጣ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም አለቱን አጣው። ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ማማው ጭስ መሰለው፤ መስቀሉ ጨርሶ አልታየውም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

ልጁ ፑሽፓም የሩዝ አጥሚት እያቀረበችለት፣ «አባዬ፣ ባለቤቴን ይዘኸው ውጣ እንጂ። ቦታውን ስልኩ ላይ ይይዝልሃል» አለችው።

«ባልሽ? ዛሬ ስልኩ ላይ ከያዘው ነገ መንደሩ በሙሉ እዚያ ነው!»

«እንግዲያው ማማው ሲፈርስ አለቱም አብሮ ይቀበርልህ። አጎቴ ካስፓር ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው፤ አንተ ግን ለእሱ ከምትሰጠው ዓሣዎቹ እዚያው ቢያረጁ ይሻልሃል።»

ሳቫሪሙቱ ተቆጥቶ ወጣ። እግሩ ግን ወደ ወንድሙ ደጅ ወሰደው።

«ካስፓር።»

ካስፓር ከሚጠግነው መረብ ቀና አላለም። «ማን ሞተ?»

«ዓይኔ ነው የሞተው። ነገ አብረኸኝ ውጣ።»

«ሌባ ይዘህ?»

«ሌባ ይዤ» አለ ሳቫሪሙቱ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ጠዋት ካስፓር ቀዘፈ፣ ሳቫሪሙቱ ከፊት ተቀመጠ። «ማማውን ከመስቀሉ ጋር ግጠመው» አለው። ሁለተኛውን ምልክት ሊናገር አፉን ከፍቶ መለሰው። አባቱ በሞት አልጋው ላይ ከነገረው ወዲህ ያ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ሲያመነታ ታንኳዋ ቆመች፤ ካስፓርም የመልህቁን ድንጋይ ለቀቀው። ሳቫሪሙቱ ገመዱን ያዘ፤ በሚያውቀው ጥልቀት ላይ እጁ ውስጥ ረገበ። አለቱ ነው።

«ሁለተኛውን ገና አልነገርኩህም እኮ!»

«የኮረብታው ስንጥቅና የጨው መጋዘኑ ጣሪያ» አለ ካስፓር። «አባባ ለእኔም ነግሮኝ ነበር። ‹ወንድምህ ልጆች አሉት፣ አንተ ብቻህን ነህ። እሱ እስካለ እንዳትነካው፤ ቢጠፋበት ግን ምራው› አለኝ።»

«ታዲያ ያን ቀን...»

«አለፍኩ እንጂ መንጠቆ አልጣልኩም። አንድም ቀን ጥዬ አላውቅም።»

«ምነው ይህን ሁሉ ዘመን ዝም አልክ?»

«መች ጠየቅኸኝ? ሌባ ብለህ ጨረስከው።»

ሳቫሪሙቱ አለቀሰ። የዳራቸው ልጆቹ፣ የሠራው ቤት፣ የበላው እህል ሁሉ ከወንድሙ አፍ የተቆጠበ መሆኑ አሁን ገና ገባው፤ አፈረም። ለዓሣው ምግብ ከያዘው ሽሪምፕ ትልቁን መንጠቆው ላይ ሰክቶ አቀበለው።

«አንተ ጣል።»

ካስፓር የመንጠቆውን ክር ተቀበለ። «ጋሼ፣ እዚህ ክሩ ምን ያህል ነው የሚለቀቀው?» አለ። «ይህን እኮ አባባ አልነገረኝም።»