የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሞገድ

ወንድሜን ቀብረን ስንመለስ አንድ ሰው ከኋላችን ይከተለን ነበር። ካኪ ለብሷል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ከመካከላችን ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ወንድሜ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የንግድ ቤት የራዲዮ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። ስንት ጆንያ ቡና እንደተጫነ፣ መርከቡ መቼ እንደሚደርስ፣ ከጅቡቲ ጋር በነጥብና በሰረዝ ይነጋገራል። ሞገዱ ግን የንግድ ቤቱ ብቻ አልነበረም። መንግሥትም በዚያው ሞገድ ከኦጋዴን ጣቢያዎቹ ጋር ይገናኛል። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከላከ የሁለቱም አይሰማም። ስለዚህ ተካፈሉት፦ ቀኑ የመንግሥት፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የንግድ ቤቱ። ያም ሆኖ መንግሥት አስቸኳይ ጉዳይ ካለው አንድ ምልክት ይልካል። ያን ጊዜ ወንድሜ እጁን ከቴሌግራፉ መምቻ ላይ አንስቶ መጠበቅ አለበት። የራሱን ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ ይጠብቅ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ደቻቱ ወንዝ ዳር እቆማለሁ። በበጋ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ብትወድቅም አያምህም ብሎ እዚያ ብስክሌት ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኛል። ሲመጣ ግን መሽቷል።

"አቦ፣ ዛሬም መንግሥት በላኝ!" ይላል። ብስክሌቱን እየገፋን ወደ ቤት እንሄዳለን። እንዲህ እንዳለን ወባ ያዘው። ከዚያ... ይኸው።

ግቢያችን ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ተቀምጧል። ሼሁ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዱ ጠየቁ።

"በዚህ ልጅ ላይ ሐቅ ያለው፣ ዕዳ ያለው ቢኖር ይናገር። ወይ ይጠይቅ፣ ወይ አፉ ብሎ ይቅር ይበል።"

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ መልስ ሰጪው እኔ ነኝ። ካኪ የለበሰው ሰውዬ ተነሣ።

"ወላሂ የመንግሥት ሰው ነው!" አለ ጎረቤታችን ባለሱቁ፣ ያንሾካሾከ መስሎት። "ሞቶም ግብር ሊያስከፍሉት ነው እንዴ?"

አንዳንዶች አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እኔ የምጠይቀው የለኝም" አለ ሰውየው። "ያለብኝ እኔ ነኝ። የሱን ሐቅ በልቻለሁ።"

እናታችን፣ አዮ ነው የምንላት፣ ምን እንደሚል በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

"የመንግሥቱ ራዲዮ ላይ የምሠራው እኔ ነኝ" አለ። "ከሱ ጋር ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። የእጁን ምት ግን ከሺህ እለየዋለሁ። ድምፁ ሲጠፋብኝ ንግድ ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ሆነ አሉኝ። አስቸኳይ እያልኩ ሰዓቱን ስወስድበት ኖሬአለሁ። አንዳንዱ እውነት ነበር። ብዙው ግን አስቸኳይ አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ነበር የሚልኩት?" አልኩት።

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

"ኦጋዴን በረሃው ጣቢያ ላይ ላለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ብቻውን ነው። ቀን ቀን አለቆች ይሰማሉ፤ ለኛ የሚሆነን ከአሥራ አንድ በኋላ ነበር። ውሃ መጣልህ ወይ፣ ትኩሳቱ ለቀቀህ ወይ፣ እናታችን እንዲህ አለች... ይኸው ነው። ያንተ ወንድም ሁሉን ይሰማል። ለማንም አልተናገረብንም። ስንጨርስ 'ለወንድምህ ሰላም በልልኝ' ብሎ ይልክልኝ ነበር።"

ሼሁ ወደኔ ዞሩ።

"አፉ ማለት ያንተ ነው፣ ልጄ። አትገደድም።"

አልፈለግሁም ነበር። የበላው የወንድሜን ብቻ አልነበረማ። እሱ ከወንድሙ ጋር ሲያወራ እኔ ደቻቱ ዳር ቆሜ ነበር። ይህንኑ ልለው አፌን ከፈትሁ። ግን ወንድሜ ያውቅ ነበር። እያወቀ፣ ለኔ እንኳ ሳይነግረኝ፣ መንግሥት በላኝ ብቻ ይለኝ ነበር።

"እሱ አፉ ብሎዎታል" አልኩ። "ባይሆን ሰላም አይልክም ነበር።"

"አንተስ?"

"ወንድምዎ ደኅና ነው?" አልኩት።

"እኔንጃ። ያንተ ወንድም ከተኛ ወዲህ በዚያ ሰዓት አልጠራሁትም። ሞገዱ ባዶ ነው፤ የሚጠብቀኝ የለም። መምቻውን መንካት ከበደኝ።"

ንግድ ቤቱ ሌላ ሰው እስኪቀጥር ሰዓቱ የማንም አልነበረም። የኔማ ከመጀመሪያውም አይደለም። ቢሆንም ቀና ብዬ አየሁ፤ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳለች።

"አሥራ አንድ ሊሆን ነው" አልኩት። "እኔም አፉ ብያለሁ። ይሂዱና ይጥሩት።"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የእናቴን እጅ ሳመ። አዮ ግን ባርኔጣውን ያዘችበት።

"እህል ሳይቀምስ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

"ይሂድ፣ አዮ" አልኳት። "ወንድሙ እየጠበቀው ነው።"